ከሐርቡ የሚመጡ ዶሮዎች

ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እነሣለሁ። ሰግጄ፣ ጣሪያው ላይ ካለው ክፍላችን ወርጄ፣ ማማ ሙዲ ክፍል እገባለሁ። ማማ ሙዲ የቤቱ ጌታ እናት ናቸው፤ እኔ የተቀጠርኩት እሳቸውን ለመንከባከብ ነው። ጣታቸውን ወግቼ ስኳራቸውን እለካለሁ፣ ኢንሱሊናቸውን እሰጣለሁ፣ ትራሳቸውን ደግፌ ቁርሳቸውን አበላለሁ። በዚያን ሰዓት አብራኝ የምትሠራው ኸይሪያ ግቢውን ታጥባለች። በሪያዱ ነሲም ሠፈር ውስጥ በጠዋት የማይታጠብ ግቢ የለም፤ አቧራው ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያድራል። ውሃውን ገፍታ ወደ ውጭ ካስወጣች በኋላ እጇን በቀሚሷ ታደርቅና ስልኳን ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ ታነሣለች። አሥራ ሁለት ተኩል ገደማ ስልኩ ይጮኻል። ከአገር ቤት፣ ከሐርቡ ዶሮዎች መጥተዋል ማለት ነው።

ዶሮዎቹ ስልክ ላይ ከፊደሉ ጎን ከሚገኙት፣ ኢሞጂ ከምንላቸው ትንንሽ ሥዕሎች አንዱ ናቸው። አናቱ ቀይ የሆነ ነጭ አውራ ዶሮ። የሚልኩት የኸይሪያ እናት እማ ጦይባ ነበሩ፤ ትርጉሙም ነጋልኝ፣ ደህና አድሬያለሁ ነው። አንድ ቀን አራት ዶሮ ይመጣል፣ ሌላ ቀን ሰባት። እማ ጦይባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሽላ ሲያርሙ የኖሩ ስለሆነ የጣታቸው ቆዳ ወፍራም ነው፤ ስልኩን ሲነኩት አይታወቃቸውም፣ ደግመው ይነካሉ። እጃቸውም ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ዛሬ ስድስት!" ትላለች ኸይሪያ በማማ ሙዲ መስኮት በኩል። "እታለም፣ ስድስት! እማ ዛሬ ሞቅ ብሏታል።"

እታለም የምትለኝ እኔን ነው። ስሜ ነኢማ ነው፤ በዘጠኝ ዓመት ስለምበልጣት ግን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

ኸይሪያ ፊደል አልቆጠረችም። እናቷም አልቆጠሩም። ወደ ሪያድ በመጣች በመጀመሪያው ዓመት ድምፅ እየቀዳች ትልክ ነበር። ድምፅ ግን ሰው ይሰማዋል። እዚህ የቤቱ እመቤት ማዳም "ምን እያልሽ ነው? ስለ እኛ ነው?" ትላታለች፤ እዚያ ሐርቡ ደግሞ የጎረቤት ሴት ሁሉ ተሰብስባ ታዳምጣለች። ሥዕል ዝምተኛ ነው። ወንድሟ አብዱረሂም ለእናታቸው ስልክ ገዝቶ ሥዕሎቹ የት እንዳሉ አሳያቸው። የቀረውን እናትና ልጅ ብቻቸውን አወጡት።

ማንም ቁጭ ብሎ ትርጉም አልሰጣቸውም። አንድ ነገር ይደርሳል፣ ያን ቀን የተላከው ሥዕል የዚያ ነገር ስም ሆኖ ይቀራል። ጃንጥላ ዘነበ ማለት ነው፤ ይህን ማንም ይገምተዋል። ዓይን ደግሞ ናፍቀሽኛል፣ ዓይንሽን ልየው ነው። ቀይ ቀሚስ ለብሳ የምትደንሰው ሴት ግን ላሟ ወለደች ማለት ናት። እማ ጦይባ ያን ቀን ለደስታቸው የሚበቃ ሌላ ሥዕል አላገኙም። ሐብሐብ ሕመም ነው። አንድ ቀን ሆዳቸውን ታመው ተጋድመው ሳለ ጣታቸው ሐብሐብ ላይ አረፈ፤ ኸይሪያ ግራ ገብቷት ስትደውል "ሆዴን፣ ልጄ" አሏት። ከዚያ ወዲህ ራስ ምታትም ሐብሐብ ነው፣ ጉልበትም ሐብሐብ ነው። አንድ ሐብሐብ ቀላል ነው። ሦስት የተላከው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወባ የያዛቸው ጊዜ ነበር።

እኔ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሬ ተመርቄያለሁ። አንድ ሰሞን የሥዕሎቹን ትክክለኛ ትርጉም ላስተምራት ሞከርኩ።

"ይሄ ፊት እኮ እያለቀሰ አይደለም" አልኳት። "ሲስቅ እንባው መጥቶ ነው።"

"ማን አለ?"

"የሠሩት ሰዎች።"

"የት ናቸው?"

"የተጀመረው ጃፓን ነው። ስሙም በእነሱ ቋንቋ ነው፤ ኢ ሥዕል ነው፣ ሞጂ ፊደል።"

"እና ጃፓኖቹ እማን ያውቋታል?"

"አያውቋትም።"

"ኸላስ። እንግዲያ በሐብሐባችን አይግቡብን።"

ማማ ሙዲ ከትራሳቸው ላይ ሆነው ምን እንዳሳቀን ጠየቁ። በዐረብኛ ተረጎምኩላቸው። ለረጅም ጊዜ ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ እሳቸውም ሲያማቸው "ዛሬ ሐብሐብ ነኝ" ማለት ጀመሩ።

ባሌ ቶፊቅ ሥዕል አይልክም ነበር። ደሴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ መልእክቱን የሚጨርሰው በሁለት ነጥብና በቅንፍ ነው። ወደ ጎን ሲያዩት የሚስቅ ፊት ይሆናል። ሁለቱን ነጥብ የሚወስደው ከእኛው ፊደል ነው፤ ድሮ በቃልና በቃል መካከል እናስቀምጠው ከነበረው። "አባቶቻችን በየቃሉ መካከል ዓይን ሲያስቀምጡ ኖረው አፉን ረሱት፣ እኔ ልጨርስላቸው ነው" ይል ነበር።

እኔ ሪያድ በመጣሁ በዓመቱ ቶፊቅ ሞተ። ለሠላሳ አንድ ቀን አልተነገረኝም። ሆስፒታል ነው፣ ሐኪም እንዳይናገር ከልክሎታል አሉኝ። በየቀኑ ከስልኩ ወደ ላይ የተቀሰረ አውራ ጣት ይመጣልኝ ነበር፣ ደህና ነኝ ለማለት። ቶፊቅ በሕይወቱ አውራ ጣት ልኮልኝ አያውቅም። አየሁት። ደክሞት ይሆናል አልኩ። በሠላሳ ሁለተኛው ቀን ማለዳ ባዲዓ የሚባል ሌላ ሠፈር የሚኖሩ ሦስት ያገሬ ሴቶች ከማዳም አስፈቅደው መጡና ምንም ሳይናገሩ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው በሰው አገር ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ይደበቃል፤ የሚነገረው ወዳጅ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ መሬት ተቀምጦ ነው። በደግነት የሚደረግ ነገር ነው። ያደረጉትን ሰዎች አልተቀየምኳቸውም። ስለዚህ ነገር የማወራው ጥቂት ነው፤ ለኸይሪያ ግን አንድ ቀን ልብስ እያጠፍን ሳለን ነገርኳት።

አንሶላውን እንደያዘች ቀረች።

"እታለም፣ እኔን እንዲህ እንዳያደርጉኝ።"

"አያደርጉሽም።"

"ያደርጉኛል እንጂ! አብዱረሂምን አላውቀውም? ዶሮ ስትታረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። አንቺ ግን ፊደል ታውቂያለሽ፣ ቀድመሽ ትሰሚያለሽ። እማ አንድ ነገር ከሆነች ቀን አታሳልፊብኝ። በአላህ በይኝ።"

"ወላሂ እነግርሻለሁ" አልኳት።

ኮሮና በገባበት ዓመት ሪያድ ውስጥ ቀንም ሌሊትም ከቤት መውጣት ተከለከለ። ያ ሁሉ ልጅና ያ ሁሉ መኪና ያለበት ነሲም ዝም አለ። ዓርብ ዓርብ እየመጡ የሚጠይቁን የባዲዓ ሴቶች ቀሩ። አውሮፕላንም ቆመ። ኸይሪያ ውሏ አልቆ ለዐረፋ አገሯ ልትገባ ነበር፤ ለእናቷ የገዛችው ነብር የተሣለበት ወፍራም ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ አልጋዋ ሥር ነበር። እናቷ አውሮፕላን ሲልኩላት፣ መቼ ነው የምትመጪው ማለታቸው ነው፣ እሷ ለዱዓ የተዘረጉ ሁለት እጆች ትልካለች። አላህ ያውቃል።

ረመዳን ገባ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ ዶሮ መጣ።

"አንድ!" ብላ ኸይሪያ ጣሪያው ላይ እየሮጠች መጣች። "አየሽ? እጇ ተሻላት! አብዱረሂም መድኃኒት አግኝቶላት ነው። አንዴ ነክታ ተወችው!"

በደስታ አራት ዓይን ላከች።

በነጋታው አንድ ዶሮ መጣ። ከዚያም በነጋታው አንድ። ሰዓቱም ልክ አሥራ ሁለት ተኩል ነው፤ እንደ ድሮው እማ ጦይባ የቤታቸውን ዶሮዎች እስኪያወጡ ወይም የመጣባቸው ጎረቤት እስኪሄድ አይዘገይም። ዓርብ ኸይሪያ ስትደውል አብዱረሂም አነሣ። የእማ ስልክ ድምፅ መቀበያው ተበላሽቷል፣ ኮምቦልቻ ያለው ጠጋኝ በኮሮና ምክንያት ዘግቷል አላት።

"ታዲያ በአንተ ስልክ አቅርባት!"

"አሁን እህል ልታስፈጭ ሄዳለች።"

"በረመዳን፣ በዚህ ፀሐይ፣ አሮጊት ወፍጮ ትልካለህ? አንተ ሰነፍ! ሚስት አግብተህም አልሠለጠንክ።"

እሱ አልሳቀም። እኔ ከአጠገቧ ሩዝ እየለቀምኩ ነበር፤ አለመሳቁን ሰማሁ።

በስምንተኛው ቀን ቁጥሩን ከስልኳ ወስጄ ዕቃ ቤት ገባሁና ደወልኩለት።

"ወንድሜ አብዱረሂም፣ ነኢማ ነኝ። ከኸይሪያ ጋር የምሠራው።"

"ምን ሆነች?" አለ ቶሎ።

"እሷ ደህና ናት። ዶሮውን የምትልከው አንተ ነህ?"

ከበስተጀርባው ሕፃን ያለቅሳል።

"በምን አወቅሽ?"

"እናትህ አንድ ዶሮ ልከው አያውቁም።"

"ጣቷ ይደጋግምባት ነበር" አለ። "አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስስቅባት እንዳልነበር። ረሳሁት፣ እህቴ። እንዴት እረሳለሁ?"

"መቼ ነው?"

"ረመዳን አሥራ ሦስት። ረቡዕ። ሦስት ቀን ብቻ ነው የተኛችው።"

ኢና ሊላሂ አልኩ። የሩዙን ጆንያ ተደግፌ ቆምኩ።

"በአላህ ይሁንብሽ፣ አትንገሪያት" አለ። "ክልከላው ይነሣ። የባዲዓ ሴቶች ይምጡና ይቀመጡላት። አሁን ብቻዋን በሰው ቤት ማን ይይዛታል? ከዚያ ከጣሪያው ራሷን ብትወረውርስ? አንቺም ሴት ነሽ፣ ታውቂዋለሽ።"

"እሺ" አልኩት።

ለእሷ ወላሂ ብያለሁ፣ ለእሱ እሺ አልኩ።

በነጋታው ጠዋት አራት ዶሮ መጣ። ኸይሪያ አራት ጊዜ ቆጥራ ፊቷ ጠቆረ። "እጇ መለሰባት" አለች። እኔ ለአብዱረሂም አንድ ብቻ አይልኩም ነበር ባልለው ኖሮ አንድ ዶሮ ይመጣ ነበር። ውሸቱን ያረምኩለት እኔ ነኝ።

አሥር ቀን እንዲህ አለፈ። በየጠዋቱ ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ እወርዳለሁ። ግቢውን ታጥባ፣ ስልኩን አንሥታ፣ ቁጥሩን በመስኮት ትነግረኛለች። እኔ የማማ ሙዲን ጣት ይዤ "ማሻአላህ" እላለሁ። ማማ ሙዲ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። አንድ ቀን "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ለምን እጅሽ ቀዘቀዘ?" አሉኝ። ውሃ ነው አልኳቸው።

የዒድ ጠዋት ልጆቹ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው የትም መሄጃ ስለሌላቸው ደረጃው ላይ ይሯሯጡ ነበር። ኸይሪያ ስልኩን አነሣች። ዶሮ ሰባት። ጽጌረዳ ሦስት። አንድ ኬክ። ከዚያ ቀጥሎ ሐብሐብ፤ አምስት።

አብዱረሂም እህቱን ሊያስደስታት ፈልጎ ነበር። ሥዕሎቹ ውስጥ የሚጣፍጥና የሚያምር ያለውን መረጠ፣ እኔም እንዳረምኩት ደጋገመው። ሐብሐብ በእናቱና በእህቱ መካከል ምን እንደሆነ ማንም አልነገረውም፤ እሱ የሚያውቀው ዶሮውን ብቻ ነበር።

ኸይሪያ ሥዕሎቹን በጣቷ ቆጠረች። የማሽኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"አምስት" አለች። "እታለም፣ አምስት ሐብሐብ። በወባ ጊዜ እንኳ ሦስት ነበር።"

"አበባና ኬክም እኮ አለው" አልኩ። "ለዒድ ይሆናል።"

"አበባውና ኬኩን አብዱረሂም ነው የጨመረው፣ እንዳልደነግጥ። ሐብሐቡ የእሷ ነው። እሱ የት ያውቀዋል?"

ደወለችለት። እኔ እስክሰማ ይጮኻል፤ ደህና ናት፣ ለዒድ ብዬ ነው፣ ፍሬ ነው እኮ ይላታል። "ስጣት!" ትለዋለች። "ስልኩ..." ሲል ዘጋችበት። ወደ እኔ ዞረች።

"አሟታል፤ እየደበቁኝ ነው። አይደለም?"

መልሴን አልጠበቀችም። ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። ስከተላት ብርድ ልብሱን ከአልጋው ሥር ጎትታ በገመድ እያሰረች ነበር።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ተርሂል እጄን እሰጣለሁ።"

ተርሂል ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ወደ አገር እስኪላኩ የሚያዙበት ነው። ለሰው ሁሉ አውሮፕላን ቢዘጋም ለተያዙት አልፎ አልፎ ይነሣል የሚባል ወሬ በዚያን ሰሞን ነበር። እጁን ሰጥቶ ወር ከሁለት ወር ወለል ላይ ተኝቶ የቀረ ሰው ወሬም ነበር። ኸይሪያ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አላት፣ ሥራ አላት። በዚያ በር ከወጣች ሁለቱም ያበቃሉ፣ ተመልሳም አትመጣም። ይህን ሁሉ ለምን? ከእንግዲህ ለማትደርስላቸው እናቷ።

"መንገዱ ሁሉ ፖሊስ ነው" አልኳት። "ሁለት መታጠፊያ ሳትሄጂ ይይዙሻል።"

"ይያዙኛ! ታዲያ ምን ፈልጌ ነው የምወጣው?"

በሌላ ቀን ቢሆን ሁለታችንም እንስቅ ነበር።

"እስከ ነገ ጠዋት ታገሺኝ" አልኳት። "ማለዳ አብረን ማማ ሙዲ ክፍል እንገባለን። ከዚያ በኋላ መሄድ ከፈለግሽ አልይዝሽም።"

"ያላ፣ እስከ ጠዋት" አለች። ገመዱን ግን አልፈታችውም።

ከሰዓት በኋላ ለማማ ሙዲ ነገርኳቸው። እጄን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ስንት ቀን ሆናት?"

"አሥራ ስምንት።"

በምላሳቸው ጠጠጠ አደረጉ። "በእናንተ አገር ይህን የሚናገረው ማን ነው?"

"ታላላቆች ናቸው። ተሰብስበው፣ በማለዳ፣ መሬት ተቀምጠው።"

"እኔ ታላቅ አይደለሁም?" አሉ። "ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው። ቀስቅሺኝ።"

በነጋታው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀሰቀስኳቸው። አጠብኳቸው፣ የሰላት ልብሳቸውን አለበስኳቸው። ወንበር ሳቀርብ እጃቸውን አወዛወዙ። ጉልበታቸው ከታመመ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ መሬት ተቀምጠው አያውቁም። ብብታቸውን ይዤ ቀስ ብዬ ምንጣፉ ላይ አወረድኳቸው፤ አቃሰቱ፣ ግን ተቀመጡ። እኔም ሻሼን አጥብቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ ኸይሪያን ጠራኋት።

የታሰረውን ብርድ ልብስ ታቅፋ ገባች። ከበሩ ሳትርቅ ቆመች። ማማ ሙዲን አየች፣ ባዶውን አልጋ አየች፣ እኔን አየች።

"ማማ ለምን መሬት ተቀመጡ?" አለች።

ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቅኩላት። የቶፊቅ መርዶ ሲመጣ እኔም እንዲህ በር ላይ ቆሜ ነበር።

ብርድ ልብሱ ከእጇ ወረደ።

"መቼ?"

"ረመዳን አሥራ ሦስት" አልኳት።

መጥታ መካከላችን ወደቀች። የሻሿን ጫፍ ነክሳ ነበር የምታለቅሰው፣ ድምፅ እንዳይወጣ፣ ፎቅ የተኙትን እንዳትቀሰቅስ። ማማ ሙዲ ሻሹን ከአፏ አወጡት።

"አልቅሺ" አሏት በዐረብኛ። "ቤቱ የልጄ ነው። ልጄን የወለድኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ጮኸሽ አልቅሺ።"

ኸይሪያ ጮኸች። እንደ አገሯ፣ የእናቷን ስም እየጠራች፣ ማሽላውን፣ ላሟን፣ እጃቸውን እየጠራች አለቀሰች። ማዳም ደረጃው ላይ ወርዳ በሩን ከፈተች፤ አማቷን መሬት ላይ ስታይ መልሳ ዘጋችው። ማማ ሙዲ ቋንቋውን ሳያውቁ ደረታቸውን ይዘው አብረው አለቀሱ።

ፀሐይ ወጥቶ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ኸይሪያ ፊቷን ጠረገች።

"ዶሮዎቹስ?"

"አብዱረሂም ነው።"

"ሁሉም?"

"አንድ ዶሮ ከመጣበት ቀን ጀምሮ።"

ስልኩን ሰጠችኝ። "የእሷን አሳዪኝ። የመጨረሻዋን።"

ወደ ኋላ እየገፋሁ ሄድኩ። የዒዱን ሐብሐብ አለፍኩ፣ እኔ ያረምኳቸውን አለፍኩ፣ ነጠላ ነጠላዎቹን አለፍኩ። ረቡዕ ባዶ ነው፤ ያን ጠዋት ኸይሪያ መረብ ጠፍቶ ይሆናል ብላ ነበር። ማክሰኞ ላይ ቆምኩ። ጣቷን አስቀምጣ ቆጠረች።

"ዘጠኝ" አለች። "ዘጠኝ ልካልኝ አታውቅም።" ደግማ ቆጠረች። "ያን ቀን ታማ ነበር?"

"ሁለተኛ ቀኗ ነበር።"

ከዶሮዎቹ በላይም በታችም ፈለገች።

"ሐብሐብ የለም።"

"የለም።"

"እሷም ደበቀችኝ" አለች። ዘጠኙን ዶሮዎች በአውራ ጣቷ ሸፈነቻቸው። "አይ እማ። አንቺም?"

ከዚያ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ። "አንቺ ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ፣ ነኢማ?"

በስሜ ጠራችኝ።

"ዒድ አሥር ቀን ሲቀረው።"

"ወላሂ ብለሽኝ ነበር።"

"ብዬሽ ነበር።"

ተነሥታ ወጣች። ብርድ ልብሱን ይዛ ወደ ጣሪያው ስትሄድ፣ ወደ ውጭው በር እንዳልሄደች እስካረጋግጥ በመስኮት አየኋት።

ሦስት ቀን ከሥራ ሌላ አላናገረችኝም። ውሃ ሞልቷል፣ ማማ ይጠሩሻል፣ ይህን ብቻ። አንድ ክፍል ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታድራለች። እኔም አልጎተጎትኳትም። በአራተኛው ቀን የማማ ሙዲን እግር በቅባት እያሸሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ኸይሪያ በስልክ ምንም ልካልኝ አታውቅም፤ አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ምን ያደርግልናል። ከፈትኩት።

አንድ ሐብሐብ።

ማማ ሙዲ "ማን ነው?" አሉኝ።

"ኸይሪያ ናት። አሟታል።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? እግሬ የትም አይሄድም።"

እጄን ሳልታጠብ ወጣሁ። ነብሩ የተሣለበት ብርድ ልብስ በዚያ ሙቀት ተፈትቶ አልጋዋ ላይ ተዘርግቷል፣ እሷ ላዩ ላይ ተቀምጣለች። ጠጋ አለችልኝ። ተቀመጥኩ። አብዱረሂም ምን ያህል እንደተቸገረ ነገረችኝ፤ ቀብሩ ላይ በኮሮና ምክንያት ጥቂት ሰው ብቻ እንደቆመ ነገረችኝ። ከዚያ፣ "ቶፊቅ የሚጽፍልሽን ያን ፊት አሳዪኝ" አለችኝ። ስልኬ ላይ ሁለት ነጥብ ጻፍኩ፣ ቅንፉን ጨመርኩ። ስልኩን ወደ ጎን አዘንብላ አየችው።

"ይስቃል" አለች።

"አዎ፣ ይስቅ ነበር" አልኳት።

ክልከላው ሲነሣ የባዲዓ ሴቶች መጡ፤ ማዳም ሳሎኑን ከፈተችላቸው፣ ተቀመጡ፣ ዱዓ አደረጉ። አብዱረሂም ዶሮውን ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ጠዋት ጠዋት እጁ ወደ ስልኩ እየሄደ አስቸግሮት ነበር። አይሆንም አለችው። ከፈለግክ ደውል፣ በራስህ ስም፣ በራስህ አፍ አለችው። ይደውላል፣ ዓርብ ዓርብ።

ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እነሣለሁ። የማማ ሙዲን ስኳር እለካለሁ። ኸይሪያ ግቢውን ታጥባ ውሃውን ወደ ውጭ ትገፋለች፣ እጇን በቀሚሷ ታደርቃለች። ስልኩ ማሽኑ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ተኩል ይሆናል፣ ያልፋል። ከሐርቡ ዶሮ አይመጣም።